ቀጥ ብሎ ተነስቶ እንደ አውሮፕላን የሚፈጥን ማሽን ካለ፣ ለምን አልበዛም?

ጥያቄው የመጣው ከአንድ የሦስተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው። «ሄሊኮፕተር ያለ ማኮብኮቢያ ይነሳል፣ ግን ቀርፋፋ ነው። አውሮፕላን ይፈጥናል፣ ግን ረጅም አስፋልት ይፈልጋል። ሁለቱን ያጣመረ ማሽን በቪዲዮ አይቻለሁ። ታዲያ ለምን ሁሉም እሱን አይጠቀምም? ለእኛ ተራራማ አገርስ ምርጥ አይሆንም ነበር? ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ በዚህ ዓይነት ትንሽ ድሮን ልሠራ አስቤያለሁ፤ ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ እኔም ሄሊኮፕተር ጥገና ስጀምር ይህንኑ ጠይቄ አለቃዬ «መጀመሪያ ያለውን ግሪስ ቀባ» ብሎኛል። አንተን እንደዚያ አልመልስህም።

አጭሩ መልስ ይኸውልህ። ማሽኑ አለ፣ ይሠራልም። ግን በልቶ አይጠግብም፤ ነዳጅም፣ ገንዘብም፣ የጥገና ሰዓትም። ምክንያቱን ለማየት ከሄሊኮፕተሩ እንጀምር። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ሄሊኮፕተር የሚዘገየው ሞተሩ ደካማ ስለሆነ አይደለም። ችግሩ ያለው እላይ የሚሽከረከረው ክንፍ ላይ ነው፤ እኛ ብሌድ እንለዋለን። የብሌዱ ጫፍ በሰዓት 770 ኪሎ ሜትር ይዞራል እንበል። ሄሊኮፕተሩ በ300 ሲበር፣ ወደ ፊት የሚመጣው ብሌድ በ1,070 አየሩን ይቀዝፋል። በሌላው ጎን ወደ ኋላ የሚመለሰው ግን በ470 ብቻ። አሁን የሄሊኮፕተሩን ፍጥነት 450 አድርገው። አንዱ ጫፍ 1,220 ገባ፤ የድምፅ ፍጥነት ደረሰ ማለት ነው። ሌላው 320 ላይ ቀረ። አንዱ ከድምፅ ጋር ሲታገል ሌላው የሚሸከመው አየር ያጣል። ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፣ ወደ አንድ ጎን ልገልበጥ ይላል። በ1986 እንግሊዞች አንድ ሊንክስ ሄሊኮፕተር ልዩ ብሌድ ገጥመውለት በሰዓት 400.87 ኪሎ ሜትር አበረሩት። ለመደበኛ ሄሊኮፕተር ጣሪያው እዚያ አካባቢ ነው።

«እሺ፣ አውሮፕላኑን ቀጥ አድርገን እናስነሳዋ!» ትለኛለህ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጠጥረው።

ቡና ሲፈላ አይተሃል መቼም። ከሰሉ አልያዝ ሲል ማራገቢያ ይመጣል። ሰፊ ማራገቢያ ከሆነ፣ እጅ ቀስ ብሎ ሁለት ሦስቴ ሲወዛወዝ ከሰሉ ፍም ይሆናል። ማራገቢያው ጠፍቶ የደብተር ልባስ ከተቆረጠ ግን ጉዱ ይታያል። እጅ እንደ ንብ ክንፍ ይርገበገባል፣ ክንድ ይዝላል፣ አመዱ ቤቱን ይሞላል። ከሰሉ የሚያገኘው ግፊት ግን ያው ነው። ብዙ አየር ቀስ አድርጎ መግፋት ጉልበት ይቆጥባል። ጥቂት አየር በኃይል መግፋት ጉልበት ይጨርሳል። የሄሊኮፕተር ሮተር፣ ማለትም ብሌዶቹ አንድ ላይ የሚሠሩት ትልቁ ክብ፣ ሰፊ የሆነው ለዚህ ነው።

ለመፍጠን ግን ተቃራኒው ነው የሚፈለገው። ያን ሁሉ ስፋት ወደ ፊት አዙረህ በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር አየር ውስጥ መግፋት ሸክም ነው። ፕሮፔለር ትንሽ፣ ብሌዱም በደንብ የተጠማዘዘ እንዲሆን ትፈልጋለህ። እንግዲህ አንድ ዕቃ ለሁለቱም ሥራ ልታውል ስትል፣ ለሁለቱም ልኩ ያልሆነ ነገር ትሠራለህ። የነገሩ ሥር ይሄ ነው። ሰባ ዓመት ሙሉ መሐንዲሶች የሚከራከሩት በዚህ ዙሪያ ነው፤ የቀረው ዝርዝር ነው።

ዝርዝሩ ግን ደስ ይላል። በ1954 አሜሪካኖች ኮንቬር ፖጎ የሚባል አውሮፕላን ሠሩ። በጭራው ይቆማል፣ አፍንጫው ወደ ሰማይ ነው። አብራሪው በጀርባው ተንጋሎ ይነሳል። መነሳቱስ ቀላል ነበር፣ ማረፉ እንጂ! አብራሪው በትከሻው ላይ ዞሮ ቁልቁል እያየ፣ የኋሊት እየወረደ ነው መሬት የሚፈልገው። መኪና የኋሊት ማቆም የሚያስጨንቀው ሰው ይህን ያስብ። ነገሩ ብዙም አልቀጠለም።

የእኔ ተወዳጅ ግን የእንግሊዙ ፌሪ ሮቶዳይን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በኅዳር 1957 ነበር። ከላይ 27 ሜትር የሚሰፋ ሮተር፣ ከጎን አጫጭር ክንፎች፣ ክንፎቹ ላይ ሁለት ፕሮፔለሮች ነበሩት። ሲነሳ ሮተሩን የሚያዞረው ጊርቦክስ (የማርሽ ሳጥን) አይደለም። ከሞተሮቹ የታመቀ አየር በብሌዶቹ ውስጥ አልፎ ጫፋቸው ላይ ከነዳጅ ጋር ይነዳል። እንደ ችቦ በለው። አየር ላይ ወጥቶ ፍጥነት ሲይዝ እሳቱ ይጠፋል፤ ሮተሩ በነፋሱ ብቻ ይዞራል፤ መግፋቱን ፕሮፔለሮቹ ይረከባሉ፤ ክንፎቹም ከክብደቱ ይካፈላሉ። ሐሳቡ ከመሐል ከተማ ወደ መሐል ከተማ 40 ሰው መጫን ነበር። በጥር 1959 በዓይነቱ የዓለም ሪከርድ ሰበረ፣ በሰዓት 307 ኪሎ ሜትር።

ምን ገደለው? ዋናው ጫጫታው ነው። እያንዳንዱ ብሌድ ጫፍ ላይ የሚጮህ ጄት አለ እኮ። የተሠራው ለመሐል ከተማ፣ የሚያስቸግረውም የመሐል ከተማን ሰው! ገንዘቡም ሳሳ፣ ገዢውም አመነታ፣ በ1962 ተሰረዘ። ከዚያም ቆራረጡት። አንድ ማሽን ሲቆራረጥ ማየት የማልወደው ሰው ነኝና ይህን ባነሳሁ ቁጥር ይቆጨኛል።

አሸንፎ የወጣው ሌላ መንገድ ነው፤ ሮተሩን ራሱን ማዘንበል። ሮተሮቹ በሁለቱ ክንፎች ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። ሲነሱ ወደ ሰማይ፣ ሲበሩ ወደ ፊት። ቤል የተባለው ኩባንያ ኤክስቪ-3ን በ1955 አስነሳ። ከሄሊኮፕተር ወደ አውሮፕላን ሙሉ በሙሉ የተለወጠው ግን በታኅሣሥ 1958 ነው። ከሦስት ዓመት በላይ ፈጀ ማለት ነው። ችግሩ ምን መሰለህ? ከባድ የሚሽከረከር ነገር በረጅም ክንፍ ጫፍ ላይ ስትሰቅል፣ ፍጥነት ሲጨምር ክንፉና ሮተሩ እየተያያዙ መርገብገብ ይጀምራሉ። በጊዜ ካልተገታ ክንፍ ይገነጠላል። መድኃኒቱ ወፍራምና ግትር ክንፍ ነው፤ ያም ክብደት ነው። ተተኪው ኤክስቪ-15 በ1977 ተነሳ። እሱ ነው መንገዱ እንደሚያዋጣ ያሳየው።

በመሐል አንድ መራራ ነገር ተፈጠረ። በሚያዝያ 1980 አሜሪካ ቴህራን ውስጥ የታገቱ ዜጎቿን ለማስለቀቅ ስምንት ሄሊኮፕተሮች ላከች። ከመርከብ ተነስተው በረሃ አቋርጠው፣ መሐል ላይ ነዳጅ ሞልተው መቀጠል ነበረባቸው። በአቧራና በብልሽት ምክንያት ለሥራ የተረፉት አምስት ናቸው፤ ትንሹ የሚያስፈልገው ቁጥር ደግሞ ስድስት ነበር። ዘመቻው ተሰረዘ። ሲመለሱ አንዱ ሄሊኮፕተር ከነዳጅ ጫኙ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ስምንት ሰው ሞተ። «እንደ ሄሊኮፕተር የሚያርፍ፣ እንደ አውሮፕላን ሩቅ የሚሄድ ቢኖረን ኖሮ» የሚለው ሐሳብ ከዚያ በኋላ ገንዘብ አገኘ። ቪዲዮ ላይ ያየኸው ማሽን፣ ቪ-22 ኦስፕሬይ፣ የዚያ ውጤት ነው። መጀመሪያ የበረረው በ1989፣ ሥራ የጀመረው በ2007 ነው። አሥራ ስምንት ዓመት!

እስቲ ቀረብ ብለን እንየው። ሁለት ሞተር አለው፣ እያንዳንዱ ከ6,000 የፈረስ ጉልበት በላይ። ሮተሮቹ 11.6 ሜትር ይሰፋሉ። ለፕሮፔለር ይህ ግዙፍ ነው፤ ሄርኩለስ የሚባለው የጭነት አውሮፕላን ፕሮፔለር 4 ሜትር ብቻ ናት። ለሄሊኮፕተር ግን ትንሽ ነው። ችኑክ የሚባለውን ባለ ሁለት ሮተር ሄሊኮፕተር ውሰድ። ክብደታቸው ተቀራራቢ ነው፣ ሁለቱም ሙሉ ጭነት ይዘው 23 ቶን አካባቢ። የችኑክ ሮተሮች ግን እያንዳንዳቸው 18.3 ሜትር ይሰፋሉ። አሁን የከሰሉን ማራገቢያ አስታውስ። በቀላል ስሌት፣ ያንኑ ክብደት አየር ላይ አቁሞ ለመያዝ ኦስፕሬይ የችኑክን አንድ ተኩል ያህል ጉልበት ይፈልጋል።

ሌላም አለ። ሮተሩ ቁልቁል የሚገፋው አየር መጀመሪያ የሚያገኘው የራሱን ክንፍ ነው። ራስህን በእጅህ እያነሳህ በእግርህ እንደ መጫን ነው። ከሚፈጠረው ኃይል 10 በመቶ ያህሉ በዚህ ይባክናል። ለዚህ ነው ሲነሳ የክንፉ የኋላ ጠርዝ ቁልቁል የሚታጠፈው፣ አየሩን መንገድ ለመልቀቅ።

ቁልቁል የሚወርደው ነፋስም ቀላል አይደለም። በ2010 ኒው ዮርክ ውስጥ ለትርዒት አንድ መናፈሻ ላይ ሲያርፍ የዛፍ ቅርንጫፍ ሰብሮ አሥር ሰው ጎድቷል። ተራ ሄሊኮፕተር ሥር ቆሜ ጭነት መንጠቆ ላይ ሳንጠለጥል መነጽሬን ስንቴ እንደወሰደብኝ አልቆጥረውም። ይሄኛው እኔንም ሳይወስደኝ አይቀርም።

«አንዱ ሞተር ቢጠፋስ?» ማለትህ አይቀርም። ጥሩ ጥያቄ ነው። በክንፉ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያልፍ ሻፍት፣ የሚሽከረከር ዘንግ፣ አለ። አንዱ ሞተር ሲጠፋ ሌላው በዚህ ሻፍት ሁለቱንም ሮተር ያዞራል። እንዲህ ባይሆን አንዱ ጎን ብቻ ተነስቶ ማሽኑ በቅጽበት ይገለበጣል። ሻፍቱ ግን ማርሽ ይፈልጋል፣ ማርሹ ዘይት፣ ዘይቱ ማቀዝቀዣ፣ ሁሉም አብረው ከሚያዘነብሉ መገጣጠሚያዎች ጋር። እኔ እንደ ቴክኒሻን ይህን ሥዕል ሳይ የሚታየኝ ፍጥነት አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ የሃንጋር መብራት ነው።

ሮተሮቹ ወደ ፊት እንዳዘነበሉ ቢደርቁስ? ብሌዱ ከመሐሉ እስከ ጫፉ ወደ 6 ሜትር ስለሆነ ሲያርፍ መሬቱን ይመታል። ስለዚህ ብሌዱ እንደ አሮጌ መጥረጊያ ጭረት ጭረት ሆኖ እንዲበተን ተደርጎ ነው የተሠራው፣ ስባሪው ወደ ሰው እንዳይወረወር።

አደጋዎቹን መሸፋፈን አልወድም። በሚያዝያ 2000 አሪዞና፣ ማራና ላይ 19 የአሜሪካ ማሪን ወታደሮች ሞቱ። አብራሪው ቀስ ባለ ፍጥነት ወደ ፊት እየሄደ በጣም ፈጥኖ ቁልቁል ወረደ። ሮተር ራሱ የገፋውን አየር ውስጥ ሲገባ የሚይዘው ያጣል፤ ተራ ሄሊኮፕተርም ይህ ይደርስበታል። ኦስፕሬይ ላይ ግን አንዱ ሮተር ቀድሞ ሲገባበት ሌላው አልገባም፤ ማሽኑ ተገልብጦ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ዝግ ብሎ በሚበርበት ጊዜ የመውረጃ ፍጥነቱ ላይ ገደብ ተደረገ፣ ሮተሩን ትንሽ ወደ ፊት አዘንብሎ ማምለጥም ሥልጠና ውስጥ ገባ።

በኅዳር 2023 መጨረሻ ደግሞ ጃፓን አጠገብ ስምንት ሰው አለቀ። ምክንያቱ ጊርቦክስ ውስጥ የተሰነጠቀ ማርሽ ነበር። ይህ እኔን በጣም ይነካኛል። ጊርቦክስ ዘይት ውስጥ ትንሽ ማግኔት ትቀመጣለች። ማርሽ መበላት ሲጀምር ብናኙ ማግኔቷ ላይ ይለጠፋል፣ መብራት ይበራል። እኛ ነቅለን ነጭ ጨርቅ ላይ እንጠርጋታለን። እንደ ዱቄት የላመ ከሆነ ችግር የለም፤ እንደ ጥፍር ቁራጭ ከሆነ ማሽኑ አይነሳም። በዚያ በረራ መብራቱ ደጋግሞ በርቶ ነበር፣ ጉዞው ግን ቀጠለ። ኦስፕሬዮቹ ሁሉ ለሦስት ወር ያህል ከበረራ ታገዱ።

እንዲህም ሆኖ ሐሳቡ አልሞተም። በታኅሣሥ 2022 የአሜሪካ ጦር ቤል የሠራውን ቪ-280 መረጠ። እዚያ ላይ ብልህ ለውጥ አለ፤ ሞተሩ አያዘነብልም፣ ሮተሩ ብቻ ነው የሚያዘነብለው። ትኩስ ጭስ መሬት አያቃጥልም፣ በጎን በር መውጣትም ይቀላል። ለሲቪል ተብሎ የተሠራው ኤደብሊው-609 ግን በ2003 በርሮ የሲቪል ፈቃዱን ጉዳይ ከሃያ ዓመት በላይ ሲያሳድድ ኖሯል። ከዚህ መገመት ትችላለህ፤ ወታደር «አስፈላጊ ነው» ካለ ዋጋውን ይከፍላል፣ ትኬት የሚቆርጥ ሰው ግን አይከፍልም።

ወደ እኛ አገር እንምጣ። አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር በላይ 2,300 ሜትር ያልፋል። ሞቅ ባለ ከሰዓት በኋላ አየሩ ከባሕር ጠረፉ አንድ አራተኛ ያህል ይሳሳል። ያንኑ ክብደት ለማንሳት ሮተሩ 15 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል፤ ሞተሩ ደግሞ አየር አንሶት ይደክማል። ከሁለቱም በኩል ተበላህ። ሰፊ ሮተር ያለው ሄሊኮፕተር ይህን ይችለዋል፣ ጭነቱን ቀንሶ። ትንሽ ሮተር ያለው ግን ቀድሞም ሲንጠራራ ነበር። ኦስፕሬይ ራሱ ባሕር ጠረፍ ላይ እንኳ ቀጥ ብሎ 23.9 ቶን ሲያነሳ፣ እንደ አውሮፕላን ትንሽ ተንደርድሮ ግን 27.4 ቶን ይነሳል። አየህ፣ ቀጥ ብሎ መነሳት ብቻውን 3.5 ቶን ያስከፍላል። ተራራማነቱ ያስፈልገናል ያሰኛል፣ ያው ተራራ ግን ይከለክለናል።

በነገራችን ላይ፣ ሁለቱን ጥቅም ያለ ድብልቅ ማሽን ያገኘንበት ጊዜ አለ። በእኛ አቆጣጠር በ77ቱ ድርቅ፣ መኪና በማይገባበት ደጋ፣ የእንግሊዝ ሄርኩለሶች ዝቅ ብለው እየበረሩ እህል በጆንያ ይጥሉ ነበር። የፖላንድ ሚ-8 ሄሊኮፕተሮች ደግሞ ቀድመው ሰው ያወርዳሉ፣ መጣያው ይዘጋጃል። አንዱ ብዛት አመጣ፣ ሌላው ማረፍ ቻለ። ለሁለት የተለያየ ሥራ ሁለት ተራ ማሽን። በዋጋ ካየኸው ዛሬም ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ድሮንህ። እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ትንሽ ስትሆን ብዙው ችግር ይቀልልሃል። የኤሌክትሪክ ሞተር ጊርቦክስም ሻፍትም አይፈልግም፣ ሽቦ ይበቃዋል። ስለዚህ የሚያዘነብል ሮተር ውስጥ አትግባ። ተራ የድሮን ክንፍና ጭራ ያዝ፤ አራት ሞተር ወደ ላይ፣ አንድ ወደ ፊት ግጠም። አራቱ ያነሳሉ፣ አንዱ ይገፋል፣ ከዚያ አራቱ ይቆማሉ። ሲበር አራቱ ሥራ ፈት ጭነት ናቸው፤ እውነት ነው ያበሳጫል። ግን ሲበላሽ የትኛው እንደተበላሸ ታውቃለህ፣ መርካቶ ወርደህም መለዋወጫ ብትፈልግ የምትፈልገው ሞተርና ፕሮፔለር ብቻ ነው።

የማንሻ ፕሮፔለሮቹን ክንፉ የፈቀደልህን ያህል ሰፊ አድርጋቸው፤ ማራገቢያውን አትርሳ። ከክንፉ ሥር ወይም በላይ አታስቀምጣቸው፤ ከፊትና ከኋላ በቋሚ ዘንግ ላይ አውጣቸው፣ ነፋሳቸው ክንፉን እንዳይጫን። ሻጩ የሚጽፈው የሞተር ግፊት የአዲስ አበባ አየር ላይ እንዳልተለካ ቁጠር። ሞተሩን ከሚዛን ጋር እሰረውና ራስህ ለካ። አራቱ በሙሉ ኃይላቸው የድሮኑን ክብደት ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ካላነሱ ክብደት ቀንስ።

ከሁሉ የሚያስፈራው መሸጋገሪያው ነው። ክንፉ ሙሉ በሙሉ ሳይሸከም አራቱን ካጠፋህ ድሮኑ እንደ ድንጋይ ይወርዳል። የሚያስፈልገውን ፍጥነት መጀመሪያ በወረቀት አስላ፣ ከዚያ ላዩ ላይ ጨምር። የፍጥነት መለኪያህ ድሮኑ ላይ የሚያልፈውን አየር ፍጥነት የሚያነብ ቱቦ ይሁን። ጂፒኤስ የሚነግርህ መሬት ላይ ያለውን ነው፤ ክንፍ መሬቱን አያውቅም። ነፋሱን ከኋላ ሳይሆን ከፊት አድርገህ ተነሳ። የመጀመሪያውን ሳምንት ሽግግር አትሞክር፤ ከፍ አድርገህ አቁመው፣ ባትሪው ስንት ደቂቃ እንደቆየ ጻፍ፣ አውርደው። ያቺ ደቂቃ ካሰብከው ግማሽ ብትሆን አትደንግጥ።

ፈቃድ ሳትይዝ ግን እንዳታስነሳው። የለካኸውን ግፊትና ክብደት ላክልኝ፣ ቁጥሩን አብረን እናየዋለን።